ባዶ ክብ ስጠብቅ

ገበሬ ዘርቶ ሲተኛ ሕልሙ ቡቃያ ነው፤
የእኔ ማሳ መዳፍ የምታህል ሳህን ናት።
የተነጠፈባትን አጋር ይሉታል፥
የማን አጋር እንደሆነ ግን አይናገርም።
በጥጥ እንጨት እዘራለሁ፤ ከዚያ እጸልያለሁ፦
እዚህ ጋ አይብቀል።
እዚህ፥ በጠብታዬ ዙሪያ፥ ድርቅ ይሁን።

ዘሩ የተገኘው ከሮብሌ እግር ነው።
ሮብሌ፥ በሶማልኛ «ባለ ዝናብ»፤
የምድር ባቡር ጡረተኛ፥ የፍሬን ሠራተኛ፥
በፈረንሳይኛ ቆጥሮ በሶማልኛ የሚራገም።
ቀዚራ ጥላ ሥር ዶሚኖ ሊጫወት ሲሄድ
ሚስማር ወጋው፤ «ምንም አይደል» አለ።
ሆስፒታል መርፌው ሁሉ ተሞከረ፤
ተዋሲው አንዱን ናቀው፥ ሌላውን ለመደው፥
ሦስተኛውን በላው።
በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሮብሌ ሞተ።

ገዳዩ ግን አለ፤ እኔ ጋ።
ፍሪጅ ውስጥ፥ ሁለተኛው መደርደሪያ፥ «ሮ-7» ተብሎ።
በየሳምንቱ ትኩስ ምግብ አቀርብለታለሁ።
ልጁ ሂቦ መንገድ ላይ ታገኘኛለች፤
ከባጃጅ አንገቷን አውጥታ «ሥራ እንዴት ነው?» ትላለች።
የአባቷን ገዳይ እየቀለብኩ
«ደህና ነው» እላታለሁ።

ሠላሳ አንደኛዋን የሠራኋት በግንቦት ነው።
ሦስት ቀን በዝግታ አፈላኋት፤
እንፋሎቷ ሽቅብ ወጥቶ
በቀዝቃዛ ቱቦ እየተመለሰ።
ቀዝቃዛ ያልኩት ለወጉ ነው፤ የድሬ የቧንቧ ውሃ
በግንቦት ሻይ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው።
ኢፍቱ ከጁስ ቤት በረዶ በፌስታል ተሸክማ መጣች።
ጥቁር ሙጫ ሆነች፤ አጠብኳት።
ቢጫ ሆነች፤ አጠብኳት።
በስተመጨረሻ፥ በጅቡቲ መንገድ ከጭነት እንደፈሰሰ ጨው
ነጭ መርፌ፥ መርፌ ብላ ረጋች።
ሩብ ግራም አልሞላችም።
እናቴ ብታይ «ለወጥ ቅመም እንኳ አይበቃ» ባለች።

ዘርቼ፥ ክቧን ወረቀት አኑሬ፥ ማሞቂያው ውስጥ ከተትኩ።
ከምሽቱ አንድ ሰዓት መብራት ጠፋ።
ኢፍቱ ሳቀች፦ «ምን አስጨነቀሽ?
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ አይደል የምትፈልጊው?
መስኮቱን ክፈችው፤ ከተማው ያሞቅልሻል።»
ከፈትነው። ደቻቱ ያለ ውሃ ተጋድሟል፤
ከፀሐይ የተበደረውን ሙቀት
አሸዋው ለሌሊቱ ይከፍላል።
አንድ ከተማ ሙሉ፥ እንደ ዶሮ፥
ሮብሌን የገደለውን ታቅፎልኝ አደረ።

ጠዋት ሳህኗን ወደ ብርሃን አነሳሁ።
ጉም በመሰለው ቡቃያ መሃል
ባዶ ክብ፥
ጠርዙ እንደተላጨ ጥርት ያለ።
ማስመሪያ አስጠጋሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር።
ሮብሌ የተኛበትን ቀን ያህል።
የኢፍቱ እልልታ ዘበኛውን ከበር አስሮጠው።

በሰው ሕዋስ ላይ እስክትሞከር አንድ ወር።
መልሱ ከአዲስ አበባ መጣ፥ ግማሽ ገጽ፦
ተዋሲውን ገድላለች። ሕዋሱንም ገድላለች።
ለካ አትመርጥም።
ለካ ያ ክብ ድርቅ እንጂ ዳኛ አልነበረም።
በእኛ ቋንቋ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል
ሰውየው ዳነ ማለት አይደለም፤
አንዱ ቃል ሁለቱንም ተሸክሞ ኖሯል።
እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ
የደረስኩት እዚያው፥ ቃሉ መሃል ነው፤
በማዳንና በመግደል መካከል፥
የአንዲት አተም ስፋት ላይ።

ከሠላሳ እኅቶቿ ጎን ደረደርኳት።
ጥጓ ላይ ያለውን ክሎሪን አውልቄ
አነስ ያለ ፍሎሪን ባለብሳትስ? ምናልባት።
ለደንጊው ደግሞ ገና ሌላ ተራ አለ፤
ዝናብ ሲመጣ፥ በርሜሉ ሁሉ ትንኝ ሲፈለፍል።

ዛሬ ሂቦ አገኘችኝ። «ሥራ እንዴት ነው?»
ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኳት፦
«አባትሽን የገደለውን ገደልኩት።
ግን እሷም ብትሆን አባትሽን አትምረውም ነበር።»
ዝም አለች። ባጃጁ ይንተከተካል።
«እንግዲያ የጎደላት ፍሬን ነው» አለች፥
የፍሬን ሠራተኛ ልጅ።

ተመልሼ ደብተሬን ገለጥኩ።
ሠላሳ ሁለት፥ ብዬ ከመጻፌ በፊት
ኅዳጉ ላይ፥ በእርሳስ፥ በትንሹ፦
ፍሬን።